የጤና መድን ቂም

ረቡዕ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ኒውዮርክ ገና በወጉ አልነጋላትም። ማታ በሮክፌለር ማዕከል የገና ዛፉ መብራት ስለሚበራ መሃል ማንሃተን በዓል በዓል ይሸታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ላይ አንድ የ50 ዓመት ሰው በ54ኛው ጎዳና ወደ ሒልተን ሆቴል ብቻውን ይራመዳል። ከቆሙት መኪኖች መካከል ባለቆብ ጃኬት የለበሰ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ወጣና ከኋላው ተጠግቶ ድምፅ ማፈኛ በተገጠመለት ሽጉጥ ተኮሰ። ሽጉጡ ነከሰበት። አልተጣደፈም፤ አስተካክሎ ደገመ። በአቅራቢያው የነበረች ሴት ነፍሷን ይዛ ሮጠች። ተኳሹ መንገዱን ተሻገረ፣ በብስክሌት ሴንትራል ፓርክ ገባ፣ ከዚያ ተሰወረ። ዓለም ይህን ሁሉ ያየው ከደህንነት ካሜራዎች ነው።

ሟቹ ብራያን ቶምሰን ይባላል። በአዮዋ ገጠር ያደገ፣ በሂሳብ ሙያ ሥራ የጀመረ፣ ኩባንያውን ከተቀላቀለ ሃያ ዓመት የሆነው፣ የሁለት ልጆች አባት። ከ2021 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዩናይትድ ሄልዝኬር ዋና ሥራ አስፈፃሚ ነበር። ይህ ኩባንያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚሸፍን፣ በአሜሪካ ትልቁ የግል ጤና መድን ሰጪ ነው። ቶምሰን ያን ማለዳ የሚሄደው የእናት ኩባንያው ዩናይትድ ሄልዝ ግሩፕ በየዓመቱ ለባለሀብቶች ወደሚያዘጋጀው ጉባኤ ነበር። ሰውየው ደጃፉ ላይ ወድቆ፣ ሆስፒታል ደርሶ ሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ አዳራሹ ውስጥ ጉባኤው ተጀመረ። ስለ ገቢና ስለ ዕድገት ገለጻው ቀጠለ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የግሩፑ አለቃ አንድሪው ዊቲ ከባልደረቦቻችን አንዱ ከባድ የጤና ችግር ገጥሞታል ብሎ ስብሰባውን ያቋረጠው።

ፖሊስ ከመሬት ባነሳቸው ጥይቶችና ቀለሆች ላይ የተጻፉ ሦስት ቃላት አገኘ፦ «አዘግይ»፣ «ከልክል»፣ «ከወንበር አውርድ»። ጄይ ፋይንማን የተባሉ የሕግ መምህር በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነበሩ። የመጽሐፉ ጉዳይ የመድን ድርጅቶች ከመክፈል የሚያመልጡበት መንገድ ነው። ቃላቱን ማን ጻፋቸው የሚለው ገና አልታወቀም ነበር። ለማን እንደተጻፉ ግን በዚያች አገር የታመመና ያስታመመ ሰው ሁሉ ወዲያው ገባው።

ከዚያም ሳቁ መጣ።

ኩባንያው በፌስቡክ ገጹ የሐዘን መግለጫ አወጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥሩ የሳቅ ምልክት አኖሩ። ሐዘናችን ቅድመ ፈቃድ ስላላገኘ አይሸፈንም፣ ጸሎታችን ከውል ውጪ ነው የሚሉ ቀልዶች እንደ ጎርፍ ወረዱ። በሦስተኛው ቀን በዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ተጠርጣሪውን የመምሰል ውድድር ተደረገ። በመንገድ ግድግዳዎች ላይ የሌሎች ሥራ አስፈፃሚዎች ፎቶ «ይፈለጋል» በሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ታየ። የመድን ኩባንያዎች የአለቆቻቸውን ፎቶ ከድረ ገጾቻቸው አነሱ። ሴንቲን የተባለው መድን ሰጪ የባለሀብቶች ስብሰባውን ወደ ኢንተርኔት አዛወረ።

እኛ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳንል የሟችን ክፉ ለማንሳት አፋችንን የማንከፍት ሰዎች ነን። ሬሳ ገና ሳይቀበር መሳቅ በየትኛውም አገር ነውር ነው፣ በአሜሪካም ጭምር። የሳቁት ደግሞ ሁሉም ጥጋበኞች ወይም ሥራ ፈቶች አልነበሩም፤ ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ ልጅ የቀበሩ እናቶች ነበሩባቸው። ይህን ነውር ሳላስተባብል፣ ከየት እንደመጣ ማየት የሚገባን ይመስለኛል።

አንድ ደብዳቤ ላሳያችሁ። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሰው ቤት አረጋውያን እየተንከባከቡ የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሉ። የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲደርሳቸው ለእኔ ይደውሉልኛል። የዚያን ጊዜው ፖስታ የመጣው ለወገባቸው ሕመም ኤምአርአይ ከተነሱ በኋላ ነው። ወረቀቱ በሰንጠረዥ የተሞላ ነው፦ ሆስፒታሉ የጠየቀው፣ ኩባንያው የተስማማበት፣ ኩባንያው የከፈለው፣ የእርስዎ ድርሻ። ከላይ በደማቁ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። ከታች በኩል «የእርስዎ ድርሻ» ከሚለው ጎን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ተቀምጧል። ከዚያም በደቃቅ ፊደል የአንድ ኮድ ቁጥርና «ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ አልተረጋገጠም» የሚል ቃል።

«ይኼ ደግሞ ምን ይላል ልጄ? ክፈይ ነው አትክፈይ?»

«ክፈይ አይልም፣ እትዬ። ግን እኛም አንከፍልም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ማን ሊከፍል ነው?»

ስልክ ደወልን። ሙዚቃው ከግማሽ ሰዓት በላይ ተጫወተ። በመጨረሻ የመጣችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ስሜታችሁ ይገባኛል አለች፣ ውሳኔውን የሰጠው ሌላ ክፍል ነው አለች፣ ያንን ክፍል በስልክ ማግኘት አይቻልም አለች። ልቆጣ ስል እኚያ እናት እጄን ያዙኝ። «ተዋት፤ እሷ ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው።» እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የምንቆጣው ሰው አልነበረንም። ሐኪሙ አላጠፋም፣ ስልክ ያነሳችው አላጠፋችም፣ ወረቀቱን የፈረመ የለም። አቤት የሚባልበት ደጅ ያልተበጀለት ቁጣ አንድ ፊት ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም፤ በኋላ ያገኘው ደግሞ በ54ኛው ጎዳና የወደቀውን ሰው ፊት ነው።

ኮዱ ከየት ይመጣል? በአሜሪካ የግል ጤና መድን ውስጥ ሁለት የመከልከያ በሮች አሉ። አንደኛው «ቅድመ ፈቃድ» ነው፦ ሐኪሙ ምርመራውን ወይም መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ ኩባንያው ይሁን እስኪል ይጠበቃል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ በሚያደርገው ጥናት አንድ ሐኪም በሳምንት 40 ያህል የፈቃድ ጥያቄ እንደሚያቀርብና በቢሮው ለዚህ ብቻ 13 ሰዓት ያህል እንደሚባክን ይታያል። በቀድሞ አነጋገር ደጅ ጥናት ነው፤ የሚጠናው ደጅ ግን አይታይም። ሁለተኛው በር ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚመጣው የክፍያ ጥያቄ ነው። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም የመንግሥትን መረጃ አይቶ እንዳሰላው፣ በፌዴራሉ የመድን ገበያ የሚሸጡ ኩባንያዎች በ2023 ውል ካላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ከመጡላቸው የክፍያ ጥያቄዎች 19 ከመቶውን ውድቅ አድርገዋል።

ውድቅ የሚያደርገው ሰው ፋይሉን ያያል ወይ? ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ የሲግና ኩባንያ ሐኪሞች በ2022 በሁለት ወር ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ የክፍያ ጥያቄዎችን ሲጥሉ በአማካይ ለአንዱ 1.2 ሰከንድ ብቻ እንደወሰደባቸው አጋልጧል። በ2023 መጨረሻ በሚኒሶታ በዩናይትድ ሄልዝ ላይ ክስ ተመሠረተ፤ ክሱ ኩባንያው አረጋውያን በማገገሚያ ማዕከል ስንት ቀን መቆየት እንዳለባቸው በአልጎሪዝም እየወሰነ ከሐኪሞቻቸው ምክር ውጪ ያስወጣቸዋል የሚል ነው። ኩባንያው አይደለም ይላል፣ ፕሮግራሙ መመሪያ እንጂ ወሳኝ አይደለም በማለት። በ2024 ጥቅምት፣ ማለትም ከግድያው ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት፣ የሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርት ወጣ። ኩባንያው ከሆስፒታል ለወጡ፣ ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን መድን ለታቀፉ ሰዎች ለሚያስፈልጋቸው ቀጣይ እንክብካቤ የቀረበለትን ቅድመ ፈቃድ የሚከለክልበት መጠን በ2020 ከነበረበት 10.9 ከመቶ በ2022 ወደ 22.7 ከመቶ አድጓል ይላል። ሪፖርቱ አንድ ሁለት ቀን ተወራበትና ተረሳ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን ነገሩን ለእኔ ያስረዳኝ አንድ የቆየ ታሪክ ነው። በ2007 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የ17 ዓመት ልጃገረድ የደም ካንሰር ይዟት መቅኔ ከተተካላት በኋላ ጉበቷ መሥራት አቆመ። የዩሲኤልኤ ሐኪሞች ጉበት ይተከልላት ብለው ጻፉ። ሲግና ሕክምናው በእሷ ሁኔታ ያልተረጋገጠ ነው ብሎ ከለከለ። ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ ዲሴምበር 20 ቀን፣ ቤተሰቧና ነርሶች በግሌንዴል ከተማ በኩባንያው ቢሮ ፊት ተሰልፈው ጮኹ። ኩባንያው በዚያው ቀን ሐሳቡን ቀየረ። ልጅቱ በዚያው ምሽት ሞተች።

በዓመቱ እናቷ ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ አለቆቹን ማነጋገር ፈልገው ነው። ከሕንፃው ውስጥ፣ ከላይ ከሰገነቱ፣ አንድ ሠራተኛ የመሃል ጣቱን አወጣባቸው። ቤተሰቡ ኩባንያውን ከሰሰ። በ2009 የፌዴራል ዳኛው የሞቱን ክስ ዘጉት። ምክንያታቸው ሕግ ነው፦ ኤሪሳ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የ1974 የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም ሕግ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በፓይለት ላይፍ መዝገብ እንደተረጎመው፣ በመሥሪያ ቤቱ በኩል መድን የገባ ሰው የተከለከለውን ጥቅም ከማስመለስ በቀር ካሳ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ጉበት የተከለከለች ልጅ ከሞተች ደግሞ የሚመለስ ጉበት የለም። ዳኛው ያስቀሩት አንድ ነገር ቢኖር የጣቱን ነገር ነው፤ በእሱ ለደረሰው የመንፈስ ጉዳት ክሱ ሊቀጥል ይችላል አሉ። ደግሜ ልበለው፤ በአሜሪካ ሕግ ለልጅቱ ሞት መክሰስ አልተቻለም፣ ለጣቱ ግን ይቻል ነበር።

ከ150 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን መድን የሚያገኙት በአሠሪ በኩል ነው። አብዛኛዎቹ ይህ ሕግ የሚገዛቸው ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ግን ስሙን ሰምተው አያውቁም። ኩባንያው በስህተት ቢከለክል የሚደርስበት ትልቁ ቅጣት ቀድሞ መክፈል የነበረበትን መክፈል ከሆነ፣ መጀመሪያ መከልከል ምን ይጎዳዋል? ታካሚው ቢሰለች ትርፍ ነው፤ ቢሞትም መዝገቡ ይዘጋል። ክፋት የግድ አያስፈልግም። ስሌቱ ብቻውን ይበቃል።

ልጅቱ በሞተችበት ጊዜ የሲግና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረው ሰው ዌንደል ፖተር ይባላል። ስለ ልጅቱ ጉዳይ ለጋዜጠኞች መልስ የሰጠው እሱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው 2007 ወላጆቹን ሊጠይቅ ቴነሲ ሄዶ ሳለ፣ በአቅራቢያው ባለችው ዋይዝ በተባለች የቨርጂኒያ ገጠር ነፃ ሕክምና እንደሚሰጥ ሰምቶ ብቅ አለ። ያገኘው የገበያ ትርዒት ሜዳ ነው። ሰዎች በዝናብ ተሰልፈዋል፤ ሐኪሞች ከብት በሚታሰርበት በረት ውስጥ ጥርስ ይነቅላሉ፣ ዓይን ይመረምራሉ። ያንን ሕክምና ያዘጋጀው ድርጅት መጀመሪያ የተቋቋመው የሕክምና ተቋም ለሌላቸው ድሃ አገሮች ነበር። ፖተር በ2008 ሥራውን ለቀቀ፤ በ2009 ሴኔት ፊት ቀርቦ የኢንዱስትሪውን አሠራር ዘርዝሮ መሰከረ። ቁጣ ሰውን ወዴት ሊወስደው እንደሚችል ሳስብ ይህ ሰውዬ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ የመምሰል ውድድርም አልተዘጋጀለትም።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1929 በዳላስ ከተማ የቤይለር ሆስፒታል ለአስተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ በወር 50 ሳንቲም አዋጡ፣ ብትታመሙ 21 ቀን አስተኝተን እናክማችኋለን የሚል። ዕድር በሉት፤ ልዩነቱ የሚሸፍነው አልጋውን እንጂ ቀብሩን አለመሆኑ ነው። ብሉ ክሮስ የሚባሉት መድኖች ከዚያ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት በ1942 ደመወዝ እንዳይጨምር ሲያግድ፣ ሠራተኛ ያጠራቸው ፋብሪካዎች በደመወዝ ፋንታ የጤና መድን ይሰጡ ጀመር፤ ከዚያም ከግብር ነፃ ሆነ። እንግሊዝና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ከጦርነቱ ማግስት ለዜጎቻቸው ሁሉ የሚሆን ሥርዓት ሲዘረጉ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1945 ያቀረበው ተመሳሳይ ዕቅድ በሐኪሞች ማኅበር ተቃውሞ ወደቀ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ለአረጋውያንና ለድሆች መጡ። መሃሉ ለገበያው ቀረ። የአሜሪካ ሰው ሥራውን ሲያጣ መድኑንም የሚያጣው ከዚህ የተነሳ ነው። በ2024 በአሠሪ በኩል የሚገኝ የአንድ ቤተሰብ መድን አማካይ ዓመታዊ አረቦን 25,572 ዶላር ደርሶ ነበር።

ገንዘቡ ሁሉ በመድን ድርጅቶች ካዝና አይቀርም፤ እውነቱን መናገር ካለብን። በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ መድን ሰጪዎች ከሚሰበስቡት አረቦን 80 ወይም 85 ከመቶውን ለሕክምና እንዲያውሉ ያስገድዳል። አሜሪካ በ2023 ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ነው፤ አብዛኛው የሚሄደው ለሆስፒታሎች፣ ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ነው፣ ዋጋቸውም በዓለም አቻ የለውም። ከግድያው ማግስት አንሰም ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ የተባለው ኩባንያ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለማደንዘዣ የሚከፍለውን በሰዓት ሊገድብ ያወጣውን ዕቅድ ሲሰርዝ ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዳንድ የጤና ምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ግን ዕቅዱ የሚጎዳው ታካሚውን ሳይሆን የተጋነነ ሂሳብ የሚልኩ የማደንዘዣ ሐኪሞችን ነበር ብለው ተከራክረዋል። የተቆጣ ሕዝብ ይህን ለመለየት ጊዜ የለውም፤ እኔም አልፈርድበትም። በሌላ በኩል የ80 ከመቶውን ሕግ የሚያመልጡበት ቀዳዳ አለ፦ መድን ሰጪው የራሱን ክሊኒክና የራሱን የመድኃኒት አከፋፋይ ከገዛ፣ ለእህት ኩባንያው የሚከፍለው ገንዘብ «ለሕክምና የወጣ» ተብሎ ይመዘገባል። የዩናይትድ ሄልዝ እህት ኩባንያ ኦፕተም በ2023 90 ሺህ ያህል ሐኪሞችን ቀጥሮ ወይም በሥሩ አሠማርቶ ነበር። የግሩፑ የ2024 ገቢ 400 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ቁጣው አዲስ አይደለም። በ1997 ጃክ ኒኮልሰንና ሄለን ሀንት በተወኑበት ፊልም ውስጥ የአስም ሕመምተኛ ልጅ እናት መድን ሰጪዋን ስትራገም በየሲኒማ ቤቱ ተመልካቹ ያጨበጭብ ነበር። በ2002 በሌላ ፊልም ዴንዘል ዋሽንግተን ለልጁ ልብ ንቅለ ተከላ ሲል ሆስፒታል በመሣሪያ ሲያግት ሕዝቡ ደገፈው። ያ ዘመን ኤችኤምኦ የሚባሉት ቆጣቢ መድኖች የነገሡበት ነው። ጥይት ሳይተኮስ ቁጣው ሥራ ሠራ፦ ክፍለ ግዛቶች በየተራ የታካሚ መብት ሕግ አወጡ፣ ገለልተኛ ባለሙያ ክልከላውን የሚመረምርበት መንገድ ተከፈተ። የፌዴራሉ የታካሚዎች መብት ሕግ ግን በ2001 በሁለቱም ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ ተጨናገፈ። ያጣላቸው ዋናው ነገር ታካሚ መድኑን መክሰስ ይችላል ወይ የሚለው ነበር።

ተጠርጣሪው ከአምስት ቀን በኋላ በፔንሲልቬኒያ፣ አልቱና ከተማ፣ ማክዶናልድ ውስጥ ቁርስ እየበላ ተያዘ። ሉዊጂ ማንጆኒ፣ 26 ዓመቱ፣ ከሜሪላንድ ባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደ፣ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣ፣ ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዲግሪ ያለው። ፖሊስ በቦርሳው በስሪ ዲ ማተሚያ የተሠራ ሽጉጥ፣ ሐሰተኛ መታወቂያና በእጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ ይላል። የወገብ ሕመምተኛ እንደነበር ታውቋል፤ የዩናይትድ ሄልዝኬር ደንበኛ ግን ሆኖ አያውቅም ብሏል ኩባንያው። እሱ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል፤ ፍርድ ቤት እስኪወስንም ተከሳሽ ነው።

የፔንሲልቬኒያው አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮ በዚያው ቀን ማታ ሰውየው ጀግና አይደለም፣ ጀግናው ለፖሊስ የደወለው ሰው ነው አሉ። ያንን የማክዶናልድ ሠራተኛ ግን ሰው «ጠቋሚ» እያለ ሰደበው። በዚያ ወር ኤመርሰን ኮሌጅ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከመራጮች 68 ከመቶው ድርጊቱን ተቀባይነት የሌለው ሲሉ፣ ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት ግን 41 ከመቶው ተቀባይነት አለው ብለዋል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኖርክ የተባለው የጥናት ማዕከል ባደረገው ሌላ ጥናት፣ ለሞቱ ገዳዩ ተጠያቂ መሆኑን አብዛኛው ሰው አምኖ፣ ከአስሩ ሰባቱ ያህል የመድን ኩባንያዎች ክልከላና ትርፍም ድርሻ አላቸው ብሏል። ሁለቱን ነገሮች ባንድ ራስ ውስጥ መያዝ ይቻላል ማለት ነው፤ የኋለኛው ጥናት ለእኔ ከፊተኛው ይልቅ ሕዝቡን በትክክል ያሳያል። ለተከሳሹ ጠበቆች በኢንተርኔት የተሰበሰበው መዋጮ በ2025 ጸደይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። መንግሥትም በበኩሉ ነገሩን አጋነነው፦ በወቅቱ የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ፓም ቦንዲ ሚያዝያ 2025 መግቢያ ላይ የሞት ቅጣት እንዲጠየቅ አዘዙ፤ የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበውን የሽብርተኝነት ክስ ደግሞ ዳኛ ግሪጎሪ ካሮ በሴፕቴምበር 2025 ማስረጃው አይበቃም ብለው ጣሉት፤ በክፍለ ግዛቱ መዝገብ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ግድያ ክስ ግን ጸና።

እኔ ከሳቁት ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ቶምሰን ቢሞት ኤሪሳ አልሞተም። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፣ ሰንጠረዡ ያው ነው። ሁለት ልጆች አባታቸውን አጡ። በዚያ ላይ በሬሳ መሳቅ ልማድ ሲሆን የእኔ ሬሳ፣ የእነሱ ሬሳ ብሎ አይለይም። ሰኔ 2025 በሚኒሶታ የቀድሞዋ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሜሊሳ ሆርትማን ከባለቤታቸው ጋር ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ሴፕቴምበር ላይ የቀኝ ክንፍ ፖለቲካ አቀንቃኙ ቻርሊ ከርክ በዩታ ቫሊ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ተገደለ፤ በቀለሆቹ ላይ ዳግም ጽሑፍ ተገኘ። በየፊናው የሳቀ አልጠፋም። በታኅሣሥ የሳቀ ሰው በመስከረም ነውር ነው ለማለት ምን አፍ ይኖረዋል?

ኩባንያዎቹስ ምን አደረጉ? ከግድያው ዘጠኝ ቀን በኋላ አንድሪው ዊቲ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሥርዓቱ እንደሚገባው እንደማይሠራ፣ ዛሬ ያለውን የመሰለ ሥርዓት ማንም ሰው አስቦ እንደማይነድፈው ጻፈ። ግንቦት 2025፣ የኩባንያው አክሲዮን ዋጋ እየወረደ ሳለ፣ ሥልጣን ለቀቀ፤ ዋጋው ያሽቆለቆለው በዋናነት የሕክምና ወጪ ከተገመተው በላይ ስለሆነ እንጂ ሕዝብ ስለተቆጣ አልነበረም። ሰኔ 2025 የመድን ኩባንያዎች ቅድመ ፈቃድን እናቀላለን፣ እንቀንሳለን ብለው በጋራ ቃል ገቡ። በ2018ም ከሐኪሞችና ከሆስፒታሎች ማኅበራት ጋር ይህንኑ ለማሻሻል የጋራ መግለጫ ፈርመው ነበር።

አሜሪካ ለሚኖሩና መድን ላላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው በኬኤፍኤፍ ስሌት፣ በ2023 ክፍያ ከተከለከለባቸው ጥያቄዎች ይግባኝ የተባለው አንድ ከመቶ እንኳ አልሞላም። ይግባኝ ከተባለባቸው ግን 44 ከመቶ ያህሉ ተሽሯል። እኚያ የሲልቨር ስፕሪንግ እናትም ሐኪማቸው የሁለት አንቀጽ ደብዳቤ ጽፎላቸው ተከፍሎላቸዋል። ክልከላው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ለኩባንያው ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ያም ካልተሳካ፣ በአብዛኛው መድን ጉዳዩን ከኩባንያው ውጪ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው በአራት ወር ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የእሱ ውሳኔ ኩባንያውን ያስገድዳል። አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ሊሰጡ ግድ ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ለእናንተ ነፃ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ በክፍለ ግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሥር ታካሚዎችን ወክሎ ከመድን ድርጅቶች ጋር የሚከራከር ክፍል አለላችሁ፤ እሱም አያስከፍልም። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ላዩ ላይ ያለውን ቀን ተመልከቱና ጻፉ።